ስለ ዘንገናው መስክና ስለ አዲሱ ጫማዬ

ሰኔ ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር የወረዳችን ገዢ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የበቅሎዎን ጤንነት እመኛለሁ፤ ክረምቱ እየገባ ነውና መንገዱን ሁሉ ደረቅ ያድርግልዎ።

«ትናንት ለዛሬ» የተባለውን የእሑድ የታሪክ ጉባኤ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስላቋቋሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የዛሬን ክርክር በታሪክ ሚዛን ማየት መልካም ነው፤ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ሆኖም ባለፈው እሑድ ስለ ዘንገና የግጦሽ መስክ ከተነገረው ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ተናጋሪው መስኩ ከጥንት ጀምሮ ባለቤት እንዳልነበረው፣ ስለዚህም የፊታችን ሰኞ ለአንድ የተከበሩ ሰው ተፈርሞ ቢሰጥ የሚጎዳ እንደሌለ አስረድተውናል። አርባ ሁለት ቤተሰብ ከብቱን የሚያሰማራበትን መሬት በሩብ ሰዓት ባዶ ማድረግ ትልቅ ችሎታ ነው፤ እናመሰግናለን።

፪ኛ፤ ከአርባ ሁለቱ ቤተሰብ የሆኑት ወይዘሮ ደጊቱ ተነሥተው በአገውኛ ሲናገሩ፣ ጥያቄ በአማርኛ ብቻ ይቅረብ በመባሉ የጉባኤው ሥርዓት ተጠብቋል። እሳቸውም አላስቸገሩም፤ በአማርኛ «ልጄ፣ ረግጠኸው የማታውቀውን መሬት ባለቤት የለውም ያለህ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ተናጋሪውም ለማስረጃ ከአንድ ደብተር አነበቡላቸው። መልሱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

፫ኛ፤ በማስረጃነት የተነበበው ደብተር የእኔ ነው። በ፵፭ ዓ.ም. ሐምሌ የአካባቢውን ታሪክ ስጽፍ የወይዘሮ ደጊቱን ባል አቶ ምህረቴን ስለ መስኩ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ድንበር ተቀምጦ እንደማይነገር፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየሄዱ በየድንጋዩ የአባት ስም እየጠሩ እንደሚነገር አስረድተውኝ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ዝናብ ነበር፤ እኔም አዲስ ጫማ ተጫምቼ ነበር። ከደጃፋቸው ሳልወርድ ሌላ ቀን እንሄዳለን አልኳቸው። ሌላ ቀን አልሄድኩም፤ እሳቸውም ዓመት ሳይሞላ ዐረፉ። «አልሄድኩም» ብዬ መጻፍ ሲገባኝ፣ በተዋበ የእጅ ጽሑፍ «ባለቤቱ አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ። እሑድ ሲነበብም አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

ያላየውን የጻፈ ተማሪ ከእኔ ዘንድ ዜሮ ያገኝ ነበር። የእኔን ዜሮ ግን ክቡርነትዎ ማኅተም ሊያሳርፉበት ነው፤ ለዚህ ክብር እንደማልበቃ እመሰክራለሁ።

ወይዘሮ ደጊቱ በየመስከረሙ ከባላቸው ጋር ድንበሩን ይዞሩ ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ሊመሩን ፈቅደዋል። እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። ጉባኤዎ አዳራሹን ትቶ ለአንድ ቀን በእግሩ እንዲመጣ እለምናለሁ።

በክቡርነትዎ ፊት እጅ የሚነሣ፣ ከአቶ ምህረቴ ደጃፍ ግን ዛሬም ያልወረደ፣
ደርበው አዝመራው
ጡረተኛ የታሪክ መምህር

ግልባጭ፦
ለማዘጋጃ ቤቱ በር (በሚስማር)

ማስታወሻ፦ ያ ጫማ አሁንም አለ፤ ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ቅዳሜ ክቡርነትዎን የሚያስቀርዎ የጫማ ነገር ከሆነ ይላኩብኝና እሰጥዎታለሁ፤ እኔ በባዶ እግሬ እመጣለሁ።