ወንዙ ከሽቦው ወዲያ ቀረ

ውድ ጋሼ፣

«እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም።

የታችኛው ሸለቆ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ መከለሉን በስልክ ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡን። ከጥብቅ ስፍራው ዋና ቢሮ የመጣች ሴት በትሕትና፣ «መሬቱ እንዲያገግም ነው፤ ለልጅ ልጆቻችሁ የሚቀር ሀብት ነው» አለችን። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡና፣ «መልካም ልጄ፤ የልጅ ልጆቼ እስኪደርሱ ላሞቹ ምን ይጠጡ?» አሉ። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀችና ወደ ሌላ ጠያቂ ዞረች።

ሽቦው ሲተከል ወንዙ ወዲያ ቀረ። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ከዳን። የጓሮው ጉድጓድ መጀመሪያ ጭቃ፣ ኋላም አቧራ ሆነ። ላሞቹ ሽቦው ሥር ተኮልኩለው፣ የውሃውን ድምፅ እየሰሙ እምቧ ሲሉ ይውላሉ።

የሽቦው በር ጠባቂ ማን መሰለህ? ሸንበቆ! አብሮ አደግህ፣ እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካንተ እኩል ያጎረሰችው። ለመንኩት።

«ብከፍትልሽ እኔን አባረው ሌላ ያመጣሉ። ያኛው ስምሽን እንኳ አያውቅም» አለኝ፣ ፊቱን አዙሮ።

«ቦራ ወድቃለች» አልኩት። ጥጃ ሳለች በጡጦ ያሳደግካት ቦራ።

የበሩን ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ የአባባን ጉጠት ይዤ ሄድኩና ሽቦውን ቆረጥኩት። ላሞቹ ረግጠውኝ ሊያልፉ ምንም አልቀራቸውም። ሲጠጡ እያየሁ አለቀስኩ፣ ጋሼ። ሳይጠግቡ የጥበቃው መኪና ደረሰ።

«ማነው የቆረጠው?» አለ አለቃቸው።

አፌን ስከፍት ሸንበቆ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ።»

«ውሸቱን ነው!» ብዬ ጮኽኩ፤ ማን ይስማኝ! የደንብ ልብሱን እዚያው አስወልቀውት በካናቴራ ወደ ቤቱ ሄደ። ልጆች አሉት እኮ! ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ ሚስቱ በሩን ከፍታ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። እውነቷን ነው።

ላሞቹን ጥበቃዎቹ ወስደው ግቢያቸው ውስጥ ዘጉባቸው። ሲለቀቁ የተመለሱት ግማሾቹ ናቸው፤ ሌሎቹ እዚያው አልቀዋል። ቦራም የለችም። የተረፉትን አባባ ለነጋዴ ሰጡ። መኪናው ሲነሣ ከቤት አልወጡም።

የሚያንገበግበኝ፣ ሸለቆው አምሮበታል። የወንዙ ዳር ሣር ወገብ ደርሷል፤ ጠፍተው የነበሩት ሚዳቋዎች ተመልሰዋል። አልጠላኋቸውም፤ እነሱም ጠምቷቸው ነበር። ግን እስከ ውሃው ድረስ ከብት የምታሳልፍ አንዲት ጠባብ መንገድ ቢተዉልን፣ ሚዳቋዋ ምን ይጎድልባት ነበር?

አባባ እህል መቅመስ ትተዋል። ትናንት ባዶውን በረት ሲጠርጉ ደረስኩባቸው።

«ለማን ነው አባባ?» አልኳቸው።

«እጄን ምን ላድርገው ልጄ?» አሉኝ።

ጋሼ፣ ነገ ዋናው ቢሮ ሄጄ ሽቦውን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን እናገራለሁ። ምስክር የለኝም፤ ጉጠቱን ይዤላቸው እሄዳለሁ። ሸንበቆን ወደ ሥራው ይመልሱት አይመልሱት አላውቅም። እኔን ግን ዝም ብለው የሚለቁኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ይህ ሲደርስህ ቤት ላልኖር እችላለሁ። ሥራ በዛብኝ አትበል፣ በሞቴ፣ ተነሥና ና። አባባን ከዚያ በረት ጋር ብቻቸውን አትተዋቸው።

ታናሽህ