ስንጥቅ የሌለው ክንፍ፦ የእታለም ሕይወትና ድንገተኛ ስንብት

እታለም በ1962 ዓ.ም. ከአሳንሰር ጠጋኝ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው ተወለዱ። የስንቱን ልጅ ሲቀበሉ የኖሩት እናታቸው ያን ቀን ሥራ ላይ ነበሩ፤ የሌላ ሴት ልጅ አዋልደው ጓንታቸውን ሳያወልቁ ምጥ ያዛቸውና በዚያው ክፍል፣ አጠገቡ ባለው አልጋ ላይ የበኩር ልጃቸውን ተገላገሉ። የመዝገብ ስማቸው ሌላ ነው። ታናሽ ወንድማቸው አፉን ሲፈታ «እታለም» ብሎ ስለጠራቸው ግን ቤቱም ሰፈሩም በዚሁ ቀረ፤ ኋላም የሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። አንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በትልቅ ጉባኤ ላይ ሳያስቡት «ፕሮፌሰር እታለም» ብለው ሲጠሯቸው፣ ከሁሉ ቀድመው የሳቁት እሳቸው ነበሩ። እዚህም በዚሁ እንጠራቸዋለን።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ሟች ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ማለት ወግ ነው። እታለም ውሸት አይወዱም ነበርና እውነቱ ይነገር፤ እስከ ሰባተኛ ክፍል ድረስ ከመሀል ወጥተው አያውቁም። አባታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሥራ ይዘዋቸው መሄድ ሲጀምሩ፣ የአሳንሰሩን ገመድና መዘውር እያዩ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ልባቸውን ይሰርቀው ጀመር። ከዚያ ወዲያ በፊዚክስ የሚቀድማቸው አልተገኘም።

በ1980 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሜካኒካል ምሕንድስና በማዕረግ ተመረቁ። እዚያው በረዳት መምህርነት ተቀጥረው፣ በአየር ፍሰት ጥናት የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪያቸውን ሠሩ። በ1990 ዓ.ም. አንድ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ተማሪዎቻቸውን የእታለምን ቤተ ሙከራ ሊያስጎበኙ መጥተው፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ ይልቅ መምህሩ ራሳቸው ጥያቄ ስላበዙ የግቢው በር ሊዘጋባቸው ደረሰ። የቀረውን ጥያቄ ሌላ ቀን እንዲጠይቁ ከእታለም ጋር ተቀጣጠሩ፤ በ1992 ዓ.ም. ተጋቡ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ። እታለም ከልጆቻቸው የወላጅ ስብሰባ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም፤ በሰዓቱ ደርሰውም አያውቁም።

የሕይወታቸው ዋና ሥራ የተጀመረው በ2006 ዓ.ም. ነው። በሌላ ከተማ ካለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብረው፣ በበረራ ላይ ቅርጹን የሚለውጥ የአውሮፕላን ክንፍ ለመሥራት ተነሡ። ነገሩን ለእናታቸው ያስረዱበት መንገድ እስከ ዛሬ በቤታችን ይወራል። መኪና ውስጥ ሳሉ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው፣ የዛሬ አውሮፕላን ክንፍ ጠርዙ ላይ እንደ በር የሚታጠፍ ቁራጭ እንዳለው፣ በቁራጩና በክንፉ መካከል ባለው ስንጥቅም አየሩ እየተረበሸ ነዳጅ እንደሚያስፈጅ ነገሯቸው። ከዚያ መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ሙሉውን ጎበጥ አደረጉት፤ እኛ የምንሠራው እንዲህ ያለ ነው፣ ማጠፊያም ስንጥቅም የለውም አሏቸው። እናታቸውም፣ እስከ ዛሬ በተሰነጠቀ አውሮፕላን ነው እንዴ ስታሳፍሩኝ የኖራችሁት ብለው ተቆጡ።

በሌላው ዩኒቨርሲቲ በኩል ሥራውን የሚመሩት አንድ የቁስ ተመራማሪ ናቸው፤ ክንፉ የሚለብሰውን፣ ሲሳብ ተለጥጦ ሲለቀቅ የሚመለሰውን ሽፋን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ሳይለኩ አንድ ነገር ስለማይናገሩ እታለም «ልኬ» ይሏቸው ነበር። ታዲያ እኚሁ ልኬ ሽፋኑን አልብሰው የላኩት የመጀመሪያው ክንፍ በቤተ ሙከራው በር አልገባ አለ። ክንፉ ልክ ነው፤ በሩን ግን ማንም አልለካውም። እታለም መስኮቱን ከነክፈፉ አስነቅለው ክንፉን አስገቡት፤ ያን ሳምንት ሁሉም ካፖርት ለብሶ ሠራ።

በ2011 ዓ.ም. ግን የማያስቅ ነገር መጣ። ገምጋሚዎች በተገኙበት፣ በነፋስ መሞከሪያው ዋሻ ውስጥ ክንፉ ሲጎብጥ ሽፋኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተረተረ። ሰዉ ሁሉ ክው አለ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ጥፋቱ የየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ጠየቁ። በእታለም ወገን ያሉ ባልደረቦች ሽፋኑ የነሱ ነው ለማለት አፋቸውን ሲያሾሉ፣ እታለም ተነሥተው «ክንፉ የሁላችንም ነው፤ ማን እንዳጠፋ ሳይሆን ለምን እንደተቀደደ እንነግራችኋለን፤ ጊዜ ስጡን» አሉ። ልኬ በኋላ እንደነገሩን፣ ከጥናቱ ጨርሰው ለመውጣት ቦርሳቸውን አንሥተው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡት። ምክንያቱን ማግኘት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ሽፋኑም ደኅና ነበር፣ የውስጡ አጥንትም ደኅና ነበር፤ ሁለቱን ያያዘው ማጣበቂያ ነበር በብርድ ደርቆ መለጠጥ የሚያቅተው።

ባለቤታቸው ክንፉን «ጣውንቴ» እያሉ ያሾፉ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከእራት በኋላ ስሌቱን አብረዋቸው የሚፈትሹት እሳቸው ነበሩ። አባታቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲያርፉም እታለም ያዘኑት በሥራ ላይ ሆነው ነው።

ዘንድሮ ክንፉ ሰው በማይሳፈርባት ትንሽ አውሮፕላን ላይ ተገጥሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲበር ለሐሙስ ተቀጥሮለት ነበር። ማክሰኞ ጠዋት እታለም ቁርሳቸውን በልተው፣ ዣንጥላ ያዢ አልይዝም በሚል ከባለቤታቸው ጋር ተጨቃጭቀው፣ ሳይዙ ወጡ። እዚህ ቦታ ላይ «በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚል መስመር ሊኖር ይገባ ነበር። የለም። ሕመም አልነበራቸውም።

ረፋድ ላይ ቢሯቸው ውስጥ ብቻቸውን ሆነው ከልኬ ጋር በኮምፒውተር ፊት ለፊት እየተያዩ ይነጋገሩ ነበር። «ከማብረራችን በፊት አንድ ነገር አለ» አሉ እታለም። ከዚያ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። ልኬ በሌላ ከተማ ሆነው፣ በስክሪኑ እያዩዋቸው ደጋግመው ተጣሩ። ለሕንፃው ጥበቃ ስልክ ደውለው፣ ጥበቃው ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ በሩን እስኪከፍት ድረስ ዓይናቸውን ከዚያ ምስል መንቀል አልቻሉም። ሐኪሞቹ የአንጎላቸው ደም ሥር መፈንዳቱን ነገሩን። ከሰዓት በኋላ፣ በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዱብ ዕዳ የሚባለው ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባን። ባለቤታቸው ሐኪሙን ይዘው «ጠዋት እኮ ስንጨቃጨቅ ነበር» ይሉ ነበር፤ ደጋግመው ይህንኑ ብቻ፤ ሲጨቃጨቅ ያረፈደ ሰው እንዴት ይሞታል እንደማለት።

ልኬ በማግስቱ መጡ፤ አሁንም በዚህ ቀብር ላይ ከመካከላችን ቆመዋል። የሐሙሱ በረራ መቅረቱን የነገሩን እሳቸው ናቸው። የእታለም ታናሽ ወንድም፣ እታለም ሊሉ የነበረው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ስለ አየሩ ወይም ስለ ምሳው፣ ቢላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ አንድ ነገር አለ ካለች አለ። ክንፉን ከፍተን ከመጀመሪያው እንፈትሸዋለን» አሉ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎችም ፍተሻውን ነገ ጠዋት አብረው ለመጀመር ተስማምተዋል።

የቀሪ ቤተሰቦቻቸውን መስመር ስንጽፍ እናታቸው አስቆሙን። «እኔን ከቀሪዎች ጋር አትጻፉኝ፤ እኔ ቀድሜ መሄድ የነበረብኝ ነኝ» አሉን። ነገር ግን ያለ እናታቸው የሚጻፍ የእታለም ታሪክ የለምና፣ ይቅርታቸውን ለምነን አስቀድመን ጽፈናቸዋል፦ እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው፣ ወንድ ልጃቸው፣ ይህን የጻፈውም ታናሽ ወንድማቸው አሉ።

ፈጣሪ የእታለምን ነፍስ በደግ ስፍራ ይቀበልልን። ለእናታቸውም የዛሬን ቀን የሚያልፉበት ጉልበት ይስጣቸው። አሜን።