ያልለጠፍኩት መስመር

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

የሂሳብ ሊቃውንት አይቻልም ቢሉም፣ ማዕዘንን በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ ለሦስት እኩል መክፈል እንደሚቻል ያረጋገጥኩበትን ሥራ የሂሳብ ወዳጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከለጠፍኩ ወዲህ፣ ስሙን ደብቆ የሚጽፍ አንድ ምቀኛ አላስቀምጥ ብሎኛል። ዛሬ ደግሞ «አራተኛው መስመር እውነት ክቡን ይነካል?» ብሎ ጻፈ።

ደሜ ፈላ። ትንሽ ቆይቼ ደነገጥኩ። ሥራው በሙሉ የቆመበትን አራተኛውን መስመር እኮ እንዳይሰረቅብኝ ብዬ አልለጠፍኩትም! ያሳየሁት ለጓደኛዬ ለከድር ብቻ ነው፣ ባለፈው እሁድ 18 ማዞሪያ ሰፈር ሻይ ስንጠጣ። «ወንድሜ፣ ዓለምን ጉድ ታሰኛለህ» ብሎ አቅፎኝ ነበር።

ማምሻውን ራሱ ከድር ደወለ።

«ዛሬስ ግሩፑ ላይ ምን አሉህ?»

«ምንም» አልኩት።

ስልኩን ዘግቼ ማስመሪያዬን አወጣሁና መስመሩን እንደገና አሰመርኩት። ክቡን አይነካም።