የግንባሩ ሐምራዊ ጨርቅ

ይድረስ ለእህቴ ለየሻረግ። ከነቤተሰብሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ተመስገን፣ አለሁ። በስተርጅና የቆጠርኩት ፊደል ነውና ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

ልጄ ሶስና አንድ የጃፓን ሥዕል አምጥታ ሳሎኔ ላይ ሰቅላለች። እንጨት ላይ ቀርጸው ያተሙት ነው አሉ። ፊቷ ኖራ የመሰለ ሴት ናት ብዬ ሳያት፣ "እማዬ፣ ወንድ እኮ ነው! ቲያትር ላይ ሴት ሆኖ የሚጫወት" አትለኝም? የወንድ አገጭ ከነቀሚሱ እያየሁ ምሳ ልብላ?

"ግንባሩ ላይ ያለችው ሐምራዊ ጨርቅስ?" አልኳት።

"የተላጨውን መሸፈኛ ናት። የዚያን ጊዜ ገዥዎች ተዋንያኑን የፊት ፀጉራችሁን ተላጩ ስላሏቸው በጨርቅ ሸፈኑት። አያምርም?"

"ያስጠላል!"

ሳቀችና የራሷን ሻሽ አጠበቀች።

ሻሿን ቤት ውስጥም አታወልቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለፋሲካ ሹሩባ የምሠራት እኔ ነበርኩ፤ "ዘንድሮ ይቅርብኝ" አለች። በየሦስት ሳምንቱ ሆስፒታል ለቼክአፕ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሾርባ እንኳ አይረጋላትም። የዚህ አገር ምግብ ምኑ ይበላል!

ትናንት ሼፈርድስ ቡሽ የሚባል ገበያ ሄጄ ሐምራዊ ሻሽ ገዛሁላት። ናይለኑ ይኮሰኩሳል፤ የጥጡን መረጥኩ።

"ሥዕሉን ወደድሽው ማለት ነው?" አለችኝ።

"ምን አባቱ! አስቀያሚ!" አልኳት። ግን አላወረድኩትም።

ጻድቃኔ ማርያም ከሄድሽ በሚመጣ ሰው ጸበል ላኪልኝ፤ ትልቁን ጀሪካን ይሁን። ለጉልበቴ ነው። ለጠየቀሽ ሁሉ፣ እናትም ልጅም ደህና ናቸው በይልኝ።

እህትሽ አልጋነሽ፣ ከለንደን።