ጨጓራዬን ለከሰሰው አፎቻችን

ለተከበሩ የአፎቻችን ሰብሳቢ ለሐጃ ኑሰይባ፣ ባሉበት፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎንም እንደ እስከዛሬው ከክፉ ዐይን ይጠብቅልዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ስል ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው።

በሰርግም በለቅሶም አብረን የምንቆምበት የሴቶች ማኅበር፣ አፎቻችን፣ ባለፈው ጁምዓ በእርስዎ መሪነት ተሰብስቦ፣ «አማል የአፎቻውን ምግብ ስለናቀች በልጇ በሪሃና ሰርግ ማንም እንዳይገኝ» ብሎ መወሰኑን ከጎረቤት ሰማሁ። ለእኔ ሳይነገረኝ የተወሰነው ድካሜን ለመቀነስ ታስቦ እንደሆነ ስለገባኝ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬን ግን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ወፍራም በነበርኩበት ጊዜ ባጃጅ ውስጥ ስገባ «አዘነበለች!» እያሉ መንገደኛውን ያሳቁት፣ «ለጉልበትሽ ስትይ ቀንሺ እንጂ» እያሉም የመከሩኝ እርስዎ ነበሩ። ምክርዎን ሰምቼ አዲስ አበባ ሄድኩና ጨጓራዬን አስቆርጬ መጣሁ። አሁን ስከሳ ደግሞ «ምን በሽታ ይዟት ነው?» እየተባለ በየግቢው ይመከርልኛል። ሰፈራችን ይህን ያህል ሐኪም እንዳለው ባውቅ ኖሮ አዲስ አበባ ድረስ ባልለፋሁ ነበር።

፪. የተረፈችኝ ጨጓራ የሻይ ብርጭቆ ብታህል ነው። ከጥቂት ጉርሻ በላይ ስጨምርባት ትመልሰዋለች። ጣፋጭ ከቀመስኩ ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ዐይኔ ይጨልማል። በጎረቤታችን በሳፊያ ልጅ ኒካሕ ዕለት ይህንኑ አስረድቼ ሳልጨርስ «ወላሂ ካልበላሽ አልለቅሽም» ብለው ሐላዋ አጎረሱኝ። ተዝለፍልፌ ስወድቅም እንድነቃ ብለው ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጡኝ። እንደገና ስወድቅ «ዐይን በልቷታል» ብለው ሰው ጠርተው ቁርኣን ስላስቀሩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ከሁሉም የረዳኝ እሱ ነው፤ እየተቀራልኝ ሳለ ቢያንስ የሚያጎርሰኝ አልነበረም።

፫. ወደ ዋናው ክስ ልምጣ። ትሪ ከብበን ስንበላ እጄን ቀድሜ ብሰበስብ ኮራች ይባላል፤ ብበላ እታመማለሁ። ስለዚህ የሚደርሰኝን ሥጋ በመሐረብ እየጠቀለልኩ ለሪሃና እወስድላት ጀመር። ወላሂ አንድም ቀን አልጣልኩም። አንድ ቀን ግን ከእርስዎ ጋር ከድግስ ስንመለስ፣ ጊደር መጋላ ሥጋ ተራው አጠገብ ለባጃጅ ሒሳብ ቦርሳዬን ብከፍት፣ ጣሪያ ላይ ያደፈጠች ጭላት ተወርውራ ሥጋውን ከነመሐረቡ ነጥቃኝ ሄደች። በዚያ የነበረ ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎ ብቻ አልሳቁም። በዚህች ከተማ ተወልጄ አድጌ፣ የጭላቶቿን ነጣቂነት እያወቅኩ ሥጋ ይዤ በዚያ ማለፌ ጥፋቱ የራሴ ነው። «ምግባችንን ለአሞራ ትሰጣለች» ተብሎ ሲፈረድብኝ ግን፣ ጭላቷ በምስክርነት ተቆጥራ እኔ ተከሳሿ አለመጠራቴ ትንሽ ከብዶኛል።

፬. በዚህችኛዋ መቀለድ አልቻልኩም። ሪሃና ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። አባቷ ዐብዱልወሃብ የሞተ ጊዜ ቤቴን የሞላችሁት፣ እኔ ስተኛ እሷን ያቀፋችሁ እናንተ ናችሁ። እናንተ የማትዘፍኑበት ሰርግ ለእሷ ሰርግ አይደለም። ትናንት «እማ፣ ኦፕራሲዮኑን ባታደርጊው ኖሮ ይመጡልኝ ነበር» ብላ አለቀሰች። ስኳሬና ግፊቴ አስፈርተውኝ እሷን ሳልድር እንዳልሞት ብዬ እንደተቆረጥኩ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ስለሆነም ውሳኔው እንዲነሳልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔን ቅጡኝ፣ ከትሪው አስነሱኝ፣ ግድ የለም፤ ለልጄ ግን ኑላት። በዕለቱ ከጎንዎ እቀመጣለሁ፤ የእኔን ድርሻም እርስዎ ቢበሉልኝ ከዚህ የበለጠ ክብር አልፈልግም፤ ችሎታዎንም አልጠራጠርም።

ለእናትነትዎ ጎንበስ የምል፣ ጉርሻዎን የምፈራ፣ ዱዓዎን ግን ሁልጊዜ የምፈልግ፣
የአፎቻዎ አባል (እስካሁን ካልተሰረዝኩ)
አማል፣ ከጀጎል ውስጥ

ማስታወሻ፦ «ለአንዲት ዘመዳችን ነው» ብለው በምራትዎ በኩል ያስጠየቁኝን የሐኪሜን ስልክ ቁጥር ልኬልዎታለሁ። ዘመድዎ ተቆርጣ ስትመለስ፣ «ወላሂ» ብላ የምታጎርሳት ሴት ስትበዛባት፣ ወደ እኔ ትምጣ፤ እኔ ቤት ማንም አያስገድዳትም።