የአተላው ዳቦ

ሰኞ

ስንዴ ዛሬም የለም። ጎህ ሲቀድ ዕዳጋ ሰኑይ ገበያ ወርጄ ስንዴ የያዙ ሁለት ሴቶች ብቻ አገኘሁ፤ እሱም ነቀዝ የበላው፣ ዋጋው እሳት። ጣልያን ከወጣ ወዲህ እንዲህ የከፋ ገበያ አላየሁም። ዱቄት ካጣሁ የዳቦ ምድጃዬ መዘጋቱ ነው፤ ጠላ በመሸጥ ብቻ ደግሞ ቤቴ አይቆምም።

ስመለስ የጠላውን ጋን አጠብኩ። አተላውን ለጎረቤት ላም ልሰጥ ስል እጄ ቆመ። ገብስ አይደለም እንዴ? ጌሾውን ለቅሜ አውጥቼ አተላውን ሰሌን ላይ አሰጣሁት።

ማክሰኞ

ደረቀ። ወቅጬ፣ ነፍቼ፣ ካለችኝ ዱቄት ጋር ቀላቀልኩት። ጠቆር ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ዳቦ ወጣ። እኔስ ወድጄዋለሁ። ግን የከብት መኖ አበላችን ብለው መሳቂያ ቢያደርጉኝስ? ከሸዋ መጥቼ እዚህ መቀሌ መነገዴ ራሱ ለወሬ ይበቃል። ስለዚህ ዝም።

ረቡዕ

አለቀ! ግንበኛው ሐጎስ ሁለት ወሰደ። ዘይነባም ወሰደች። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፣ ባሏ ጨው ይነግዳል፤ መቀሌ ስመጣ መጀመሪያ በሯን የከፈተችልኝ እሷ ናት። እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋ አብረን አንበላም። ዳቦ ግን ከእኔ ሌላ አትገዛም።

«እታለም፣ የዛሬውስ ልዩ ነው፤ ልጆቹ ተሻሙበት» አለችኝ። በደስታ ሳንጎራጉር ዋልኩ።

ሐሙስ

ሰው ደጄ ተኮልኩሎ ሳይ ልቤ አበጠ። ሐጎስ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ምን ጨምረሽበት ነው?» ሲለኝ አላስቻለኝም። «የጠላ አተላ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። «ዋይ! መጠጣቱ አልበቃን ብሎ ጠላ መብላት ጀመርን!» አለና ሐጎስ ሌላ ጨምሮ ገዛ። ማንም አልተጸየፈም።

ዘይነባን ያየኋት ያኔ ነው። በሩ አጠገብ ቆማለች፣ ገምሳ መብላት የጀመረችውን ዳቦ ይዛ። አፏ ውስጥ የነበረውን በሻሿ ጫፍ አወጣች፤ ዳቦውን መደቡ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ጠላ ለእስላም ሐራም መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? ቤቴ ስትመጣ ውኃ የምትጠጣበትን ጣሳ እንኳ ጠላ እንዳይነካው ለብቻው የማስቀምጥ እኔ! ሰው ይስቅብኛል ብዬ ስሰጋ እሷን ረሳኋት። ምን ነክቶኝ ነው?

ዓርብ

ምድጃውን አላነደድኩም። ደጇ ሄጄ ቆምኩ። ባሏ «ሳናውቅ የበላነው ነው፤ አላህ መሐሪ ነው» አለኝ በቀስታ። እሷ ልብስ እያጠበች ቀና አላለችም።

«ዘይንዬ፣ በክፋት አይደለም» አልኳት።

«ክፋትማ የለብሽም። አላሰብሽኝም እንጂ።»

እውነቷን ነው፣ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

ቅዳሜ

ሐጎስ የአተላውን ዳቦ ፈልጎ መጣ። የለም፣ ከእንግዲህም የለም አልኩት። «ሰው ከወደደው ምን ሆነሽ?» ብሎ ተበሳጨ። ማስረዳት ደከመኝ።

ትንሽ ደህና ስንዴ ከጎረቤት ከተማ ከቁሓ አገኘሁ፣ በውድ። አስፈጭቼ አንድ ዳቦ ጋገርኩ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩላት። ተቀበለችኝ፣ አሸተተችው። «ምን አለበት?» አለች። እስከ ዛሬ ከእጄ ስትበላ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

«ስንዴ፣ ጨው፣ ውኃ።»

«እርሾውስ?»

ክው አልኩ። እርሾው ከዚያው ከአተላው ሊጥ ያስተረፍኩት ነው። ጭራሽ ትዝ አላለኝም። መዋሸት እችል ነበር፤ ውሸቱም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን ነገርኳት።

ዳቦውን መልሳ ጠቀለለችና እጄ ላይ አኖረችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ የኔም። «አዲስ እርሾ አዘጋጂ» አለች። «ሲደርስ ጥሪኝ።»

እሑድ ቢሆንም ቡሃቃውን በአመድ ፍቄ አጠብኩት። ንጹሕ ዱቄት በውኃ ለውሼ ከደንኩ። ሦስቴ ገልጬ አየሁት፤ ገና ኩፍ አላለም።