ቆርቆሮው ላይ የተጋደመው ብሩሽ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ብርዱን እንዴት ቻለው? ያ ቀኝ ጆሮሽ ዛሬም የሚሰማው ደስ ያለውን ብቻ ነው? እማዬስ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ እንደ ልማዷ ሁላችሁንም ትቆጣለች? መቆጣቷን የተወች ቀን ነው የምሰጋው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ግን ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ውሸት ስለሰለቸኝ ነው።

ይህን ወረቀት ለብቻሽ አንብቢው። ለእማዬ የምታነቢላት ሌላ አጭር ደብዳቤ አብሬ አድርጌያለሁ፤ እሱ ወፍሬያለሁ ይላል፤ መወፈሬ እንኳ እውነት ነው። ከታች የምጠይቅሽን ነገር በስልክ ያላነሳሁት ልጆችሽ ከአጠገብሽ ስለማይጠፉ ነው፤ አንቺም ነገር ሲከብድሽ «አይሰማኝም» ብለሽ እንደምትዘጊው አውቃለሁ።

ፕሮስቴት ዕጢዬ ላይ ካንሰር እንደተገኘብኝ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ ሕክምናውን ነው። በየሦስት ወሩ ሆዴ ላይ አንድ መርፌ እወጋለሁ። ካንሰሩ የሚመገበው የወንድነት ሆርሞኔን ነው አሉ፤ መርፌው ሆርሞኑን ያደርቅበታል፣ እሱም ተርቦ ይተኛል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተወግቻለሁ። የደም ምርመራው ቁጥር ከአርባ ሁለት ወርዶ አንድ ሲገባ፣ ክፍል የሚጋራኝ ግድግዳ ለሳኝ ከኔ በላይ ጨፈረ። አፉ ስለማይዘጋ ራዲዮ ነው የምንለው። በሥራ መሀል ድንገት ሙቀት ከአንገቴ ተነስቶ ፊቴን ሲያጋየው በካርቶን ያራግብልኝና «አንተ ሰውዬ፣ ማረጥህ ነው እንዴ?» ይለኛል። ያን ዓመት አንቺ ስልክ እያወራን መስኮት ስትከፍቺ ስትዘጊ ስስቅብሽ የነበረውን አስታውሰሽ ይቅር በይኝ። የሰው ነገር ሳይደርስብን አይገባን።

ሙቀቱስ ይለመዳል። ሌሎቹ ግን አመጣጣቸው በድምፅ አልነበረም። መጀመሪያ ቀበቶዬ አልደርስ አለኝ። ከዚያ ስኳሬ ከፍ አለ፣ ግፊቴም ተከተለው። አሁን ካልሲዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የላስቲኩ ምልክት ጣት እስኪገባ ድረስ ሰርጉዶ ይቆያል። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ቆም እልና የደረጃውን ግድግዳ አያለሁ። ቀለሙ እንዴት እንደተላጠ፣ ቀቢው እንዴት እንደሰነፈበት እያወራሁ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ራዲዮ አንድ ቀን «ይህን ግድግዳ ዛሬም አይተህ አልጨረስከውም?» አለኝ። ሳቅኩ። ክፍላችን ገብቼ ስቀመጥ ግን ይህን ብልሃት ከማን እንደተማርኩት ትዝ አለኝ። አባባ የሐኪም ቤቱን ደረጃ እማዬን ይዘን ስንወጣ መሀል ላይ ይቆምና የሌላ ቀቢ ሥራ ያማ አልነበር?

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ከሦስት ሳምንት በፊት የአንድ ትምህርት ቤት ኮሪደር ጣሪያ እየቀባሁ መሰላል ላይ ነበርኩ። ደረቴን አንድ ነገር ጭምቅ አደረገኝ። ግራ ክንዴ የኔ አልመስል እስኪለኝ ከበደ። አልጮህኩም፣ ሰውም አልጠራሁም። ቀስ ብዬ ወረድኩ፣ የቀለም ቆርቆሮዬን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩ፣ ብሩሼን አፉ ላይ አጋደምኩት፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አባባ «መሬት የነካ ብሩሽ ግድግዳ አይነካም» እያለ ያሳደገን ሰዎች ነን፤ ሞት ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ ብሩሻችንን እናጋድማለን። ሕመሙ እየለቀቀኝ ሲሄድ ቀና ብዬ ብሩሹን አየሁት። እታለም፣ ያን ጊዜ ላብ ያጠመቀኝ መርፌው አልነበረም።

መርፌውን የምታዝልኝ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልቤን ምት በወረቀት አወጡ። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችና እንዲህ አለችኝ፦

«ካንሰሩን አስተኝተነዋል። አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ልብዎ ነው።»

እንዳስረዳችኝ ከሆነ መርፌው ካንሰሩን ሲያስርብ ሰውነትንም ይለውጣል፤ ስብና ስኳር ይጨምራል፣ የደም ሥር ይጠባል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም፤ ልቡ ቀድሞ የታመመ ወይም በዘሩ የልብ በሽታ ያለበት ሰው ግን አደጋው ይብስበታል። ልቤን በደንብ የሚያይልኝ ምርመራ ወረፋው ሁለት ወር ነው፤ ሦስተኛው መርፌ ደግሞ መጋቢት ሃያ ነው። መርፌው ቢዘገይ ካንሰሩ ይነቃል፣ ቢሰጥ ልቤን አታምነውም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። በቤተሰቤ በልብ ድንገት የሞተ ካለ ግን ወረፋውን አስዘልላ እንደምታስገባኝ፣ መድኃኒቱንም ለልብ የተሻለ ነው ወደሚባል ሌላ ዓይነት ለመቀየር ከባልደረቦቿ ጋር እንደምትመክር ነገረችኝ።

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ቀንም ጠይቀውኝ ነበር። አፌን ሞልቼ የለም ብዬ ፈርሜያለሁ። አሁንም አባትዎ በምን ሞቱ ስትለኝ ከመሰላል ወድቆ አልኩ። አደጋ ብላ ጻፈች። ስትጽፍ እጇን እያየሁ ኮቴን ለበስኩ።

አባባ የሞተበትን ቀን አንቺም እኔም እኩል እናውቀዋለን ብዬ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። የቢሮ መስኮቶች ነበር የምንቀባው። መሰላሉን የተከልኩት እኔ ነኝ። ቀለም ማቅጠኛ ቲነር ላመጣ ወጣሁ፤ አንቺ ምሳችንን ይዘሽ ገባሽ። ስመለስ አባባ መሬት ላይ ነው፣ መሰላሉ እግሩ ላይ ተጋድሟል፣ አንቺ ራሱን ታቅፈሻል። «መሰላሉ ከዳው» አልሽኝ። ሌላ ቃል አልተናገርሽም። መሰላሉን ማን ተከለው ብሎ የጠየቀኝ ሰውም አልነበረም፤ ባለመጠየቃቸው ነው የተቃጠልኩት። አገር ለቅቄ የወጣሁት ለእንጀራ ብቻ አይደለም፣ የእማዬን ዓይን ማየት ስላቃተኝ ነው። ዛሬም መሰላል ስተክል ሦስት ጊዜ ሳልነቀንቀው አልወጣም፤ ፎርማኑ ፈሪ ይለኛል።

ግን ያን ቀን የአባባ ቆርቆሮ መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። ብሩሹም አፉ ላይ ተጋድሞ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ልብ አላልኩትም። ከቀብር መልስ ያጠብኩትም እኔ ነኝ፤ የመሬት አሸዋ ነበረበት አልነበረበትም ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባስብ ሊመጣልኝ አልቻለም። ከመሰላል የሚወድቅ ሰው ብሩሹን አያጋድምም። ራሱ ወርዶ፣ ሊቀመጥ ሲል መሰላሉን ይዞት ወድቆ ከሆነስ? ከዚያም በፊት በነበሩት ሳምንታት ጨጓራዬ ነው እያለ ወተት ሲጠጣ፣ አንቺን «ክንዴን እሺልኝ» ሲልሽ አስታውሳለሁ። የምታሺለት ግራውን ነበር። አባባ ቀለም የሚቀባው በቀኙ ነው፤ ግራ ክንዱን ምን አደከመው?

እየወቀስኩሽ አይደለም። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎሽ ይሆናል። ወይም አውቀሽ ዝም ማለትሽ ኋላ ላይ አስፈርቶሽ ይሆናል፤ እኔም ለሐኪሟ ደረቴን ብቻ ነው የነገርኳት፣ ክንዴን ላንቺ ነው የምነግረው። የአባቴ ልጅ አይደለሁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን እየደጋገምን የደበቅን ቤተሰብ ነን። መሰላል እንዳልወጣም ተከልክያለሁ፤ ትናንትም ወጥቻለሁ።

ይህን የሚያደርስልሽ ሹፌር እናንተ ጋ አራት ቀን ይሰነብታል፤ ከመርፌው በፊትም እዚህ ይደርሳል። መልስሽን በእሱ እጅ ላኪልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት። እንደ ወንድሜ የማየውን ባለቤትሽን ዳማ የሚረታው አጥቶ እንዳይኮራ ንገሪው። ትልቋ ልጅሽ የላከችልኝ ሹራብ አሁን ሆዴ ላይ ጠቦኛል፤ ቢሆንም አላወለቅኩትም። መንታዎቹ እንዳይጣሉ፣ ተራ በተራ ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬ ይድረሳት።

እታለም፣ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ያን ብሩሽ ቆርቆሮው ላይ ያጋደመው ማነው? መሬት ወድቆ ያነሳሽው አንቺ ከሆንሽ፣ አባቴን የገደለው እኔ የተከልኩት መሰላል ነው፤ እንደተሸከምኩት እሸከመዋለሁ፣ ልቤም ትንሽ ተስፋ ይኖረዋል። ያጋደመው እሱ ከሆነ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት በከንቱ ሸሸሁ፤ የሸሸሁትም ነገር ደረቴ ውስጥ አብሮኝ መጥቷል። የቱን እንደምመኝ እኔም አላውቅም። ረጅም አትጻፊልኝ። «እኔ» ወይም «እሱ» በይኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሦስተኛው ፎቅ ክፍላችን
መጋቢት 2 ቀን